«ሄርሜኑቲክ» የሚለው ቅጽልና የውጫሌ ውል አንቀጽ 17



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ከእንግሊዝኛ የወሰድነው ቅጽል ነው። በየዓመቱ ከማነባቸው የመመረቂያ ጽሑፎች በብዙዎቹ፣ የጥናት ዘዴ በሚለው ምዕራፍ ውስጥ «ሄርሜኑቲክ» የሚል ቃል ይገባል። ሥራውን አንብቤ ስጨርስ ግን የማገኘው ሰነዱ ተነበበ፣ ተብራራ የሚል ብቻ ነው። ለዚያማ «ማብራሪያ» የሚለው ቃላችን በበቃ ነበር።

የቃሉ ምንጭ የሆነው የግሪክ ግስ መግለጽን፣ ማብራራትንና ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መመለስን በአንድነት ይይዛል። የእኛም «ተረጐመ» እንዲሁ ነው፤ የቤተ መንግሥቱ አስተርጓሚም፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህሩም ሥራቸው በዚሁ ግስ ይጠራል። ዳንሃወር እ.ኤ.አ. በ1654 በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ሲያኖረው፣ ቃሉ የቅዱሳት መጻሕፍትን አፈታት ሥርዐት ያመለክት ነበር። ሽላየርማኸር ለማናቸውም ንግግርና ጽሑፍ አሰፋው። ጋዳመር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው «እውነትና ዘዴ» ጥያቄውን ለወጠው፤ አንባቢ አስቀድሞ የያዘው ግምት መረዳቱን ያስችለዋልም፣ ይወስነዋልም አለ። እንግዲህ ቅጽሉን የሚጠቀም ተማሪ ስለ ሰነዱ ብቻ ሳይሆን ስለ አንባቢውም ሊመልስ ይገባዋል።

ይህን በውጫሌ ውል እንፈትነው። እ.ኤ.አ. በ1889 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣልያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ጣልያንኛው በዚያ በኩል ለመላላክ እንደ ተስማሙ አድርጎ ያቀርባል። ሁለቱን ግሶች ማነጻጸር የቋንቋ ምርመራ ነው፤ አስፈላጊ ነው፣ ነገር ግን ገና ሄርሜኑቲክ አይደለም። ሮም ውሉን ያነበበችው ከበርሊን ጉባኤ በኋላ ነው። የጉባኤው ስምምነት አንቀጽ 34 በአፍሪካ ጠረፍ ጥበቃ የሚመሠርት መንግሥት ለሌሎቹ እንዲያስታውቅ ያዝዝ ነበርና፣ ክሪስፒ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አስታወቀ። ምኒልክ በአንጻሩ ከሸዋ ንጉሥነታቸው ጀምሮ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በቀጥታ ይጻጻፉ ነበር። ለእርሳቸው የጣልያን አጋዥነት መልእክት ማድረሻ አገልግሎት እንጂ ሌላ እንዳልነበረ ይመስለኛል። ልዩነቱ የተገለጠላቸው የእንግሊዝ መንግሥት ለደብዳቤያቸው በጣልያን በኩል እንዲላላኩ ሲመልስላቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ አደጋ አለ። «ሁለቱም እንደየግምታቸው አነበቡት» ብለን ካቆምን፣ ማታለልን ወደ አለመግባባት እንለውጠዋለን። ስቬን ሩቤንሰንና ካርሎ ጂሊዮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተከራከሩት ስለዚሁ ተጠያቂነት ነበር። እኔ ወደ ሩቤንሰን አዘነብላለሁ፤ ውሉን የተደራደረው አንቶኔሊ አማርኛ ያውቅ ነበርና። የአንባቢን ግምት መመርመር የጸሐፊን ዕውቀት ከመመርመር ነጻ አያወጣንም።

ተማሪዎች አንቀጽ 17ን ሁልጊዜ ያነሣሉ፤ አንቀጽ 19ን ግን የሚያነብ ጥቂት ነው። እርሱ የሁለቱ ቋንቋዎች ጽሑፍ ፍጹም አንድ መሆኑንና በእኩልነት እንደሚታመን ይደነግጋል። የዚህ ውል ሄርሜኑቲክ ጥናት መጀመር ያለበት ከዚያ አንቀጽ ነው።