ወረርሽኝ የስሜን ተራሮችን ቱሪዝም እንዴት ፈተነው?

የሥነ ምህዳር ባለሙያዎች በቆላማ ስፍራዎች የተከበቡ ከፍተኛ ተራሮችን "የሰማይ ደሴቶች" ይሏቸዋል። እንደ ባሕር ደሴቶች ሁሉ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎችን አቅፈው የያዙ በመሆናቸው ነው። በሰሜን ጎንደር ዞን የሚገኘው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዋልያ በዓለም ላይ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ብቻ ሲሆን፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በፓርኩ ይኖራሉ።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም በሕግ ተከልሎ በ1970 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ በእርሻና በልቅ ግጦሽ መስፋፋት ሳቢያ ግን በ1989 ዓ.ም አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከመዝገቡ የወጣው ከ20 ዓመታት በኋላ በ2009 ዓ.ም ነው። ለዚህም የግጭ መንደር ነዋሪዎች ፓርኩን ለቀው በደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ መደረጉ አስተዋጽኦ አድርጓል።

የእርሻና የግጦሽ መሬቱን ለፓርኩ የለቀቀው ኅብረተሰብ በምትኩ ከሚጠብቃቸው ጥቅሞች ዋነኛው የቱሪዝም ገቢ ነው። ከጎንደር ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ደባርቅ አስጎብኚዎች፣ ስካውቶች፣ ምግብ አብሳዮችና በቅሎ አከራዮች ኑሯቸውን በጎብኚዎች ላይ መሥርተዋል። በጎንደር የፋሲል ግቢን ያየ የውጭ እንግዳም ብዙውን ጊዜ ጉዞውን ወደ ስሜን ይቀጥላል።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ መመዝገቡ ለጎንደር ቱሪዝም ተስፋ የሰጠ ነበር። ይሁንና መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ተገለጸ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዓለም ዙሪያ የውጭ ተጓዦች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2020 ከቀዳሚው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ከ70 በመቶ በላይ አሽቆልቁሏል። የኢኳዶር ጋላፓጎስ ደሴቶችም ለወራት ያለ ጎብኚ ቆይተዋል።

የጎብኚ መጥፋት ለዱር እንስሳት እረፍት መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የመግቢያ ክፍያ ሲቋረጥ የጥበቃው አቅም ይዳከማል። በቅሎውን የሚያከራይ አባወራም ገቢ ሲያጣ፣ ያለው አማራጭ ከብቱን ወደ ጓሳው መልቀቅና አስታውን ለማገዶ መቁረጥ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም በፓርኩ የእሳት ቃጠሎ በተነሳ ጊዜ የአካባቢው ነዋሪ እሳቱን ለመከላከል ተረባርቧል፤ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር በእርዳታ መጥቷል። የውጭ እርዳታ እስኪደርስ ፓርኩን የሚጠብቀው ነዋሪው መሆኑን ይህ በግልጽ አሳይቷል።

ከወረርሽኙ በኋላም ፋታ አልተገኘም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም የተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግር የጎብኚዎችን ፍሰት ጎድተዋል።

ከእነዚህ ዓመታት የሚገኘው ትምህርት በውጭ ጎብኚ ላይ ብቻ የቆመ ጥበቃ በቀላሉ የሚናጋ መሆኑ ነው። የአገር ውስጥ ጉብኝትን ማስፋፋት፣ ንብ ማነብንና የበግ እርባታን ማጠናከር እንዲሁም በደጉ ዘመን ከሚገኘው ገቢ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ማኖር የነዋሪውንም የዋልያውንም ህልውና ለመጠበቅ ያግዛሉ።