«ሻሽ» በአማርኛና በሶማልኛ፦ አንድ ድምፅ፥ ሁለት ፍቺ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. መጨረሻ እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን የዓረብ ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ተነሣ። በዛሬው ጅጅጋ አካባቢ የተዘረጋውን ሰፊ ሜዳ አቋርጦም በ1855 ዓ.ም. ጃንዋሪ 3 ቀን ሐረር ገባ። በ1856 ዓ.ም. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ ራስ አለባበስ የመዘገባቸው ነገሮች ለቃላት ጥናት ይጠቅማሉ። ሶማሌው በጠጉሩ ላይ የሚሰካው የሰጎን ላባ ጠላት የገደለ ሰው ምልክት መሆኑን ጽፏል። የሐረር ባለትዳር ሴት ጠጉሯን ከጆሮዎቿ ኋላ በሁለት ሰብስባ በጥቁር ሰማያዊ ስስ ጨርቅ ወይም በመረብ ስትሸፍን፥ ልጃገረዲቱ ግን ሹሩባዋን ወደ ኋላ እንደምትለቅ ገልጿል። ይህ መሸፈኛ ዛሬ ሐረሪዎች «ጉፍታ» የሚሉት ነው።

ከዚህ የምንረዳው በዚያ አገር የራስ ልብስ ፀሐይ መከለያ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱን ማዕርግ ተናጋሪ እንደ ነበረ ነው። ይህን ሳንዘነጋ አሁን ወደ «ሻሽ» እንመለስ።

ቃሉ በዓረብኛ ስስ የጥጥ ጨርቅንና የጥምጥም ልብስን ያመለክታል። ወደ እንግሊዝኛም ገብቶ መጀመሪያ ጥምጥምን፥ ኋላ የወገብ መታጠቂያን መጠሪያ ሆኗል። በአማርኛ ሻሽ ሴት ልጅ፥ ያገባችም ሆነች ያላገባች፥ ጠጉሯን የምታስርበት ጨርቅ ነው፤ ነጩ ስስ ጨርቅም ለካህናት ጥምጥም ይሆናል። በሶማልኛ ግን ሻሽ የባለትዳር ሴት ምልክት ነው። ከሠርግ በኋላ ሴቶች ተሰብስበው ለሙሽራዪቱ የሚያስሩበት ሥርዓት «ሻሽ ሳር» ይባላል። «ሳር» ማለት እዚህ ላይ «በላይ ማኖር» እንጂ በአማርኛ የምናውቀው ሣር አይደለም። «ገርበሳር» የተባለው መደረቢያም ከ«ገርብ» (ትከሻ) እና ከዚሁ ቃል የተገኘ ነው፤ ስሙ የትከሻ ይሁን እንጂ ሴቶች ራሳቸውንም ይሸፍኑበታል።

ሶማልኛ «ሻሽ»ን በረጅም አናባቢ ይናገረዋል፤ በፊደላችን ሲጻፍ ግን ልዩነቱ ስለማይታይ ሁለቱ ቃላት አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ አንድ ተርጓሚ የሶማልኛውን «ሻሽ» በአማርኛው «ሻሽ» ቢተካ በድምፅ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ጋብቻው ከዐረፍተ ነገሩ ወጥቷል። «ሻሽ አሰረች» የሚለው አነጋገር ለአማርኛ ተናጋሪ የማለዳ ሥራ ነው፤ በጅጅጋ፥ በቀብሪ በያህ ወይም በሽኒሌ ላለች የሶማሌ እናት ግን ልጅዋ የተዳረችበትን ቀን ሊያስታውስ ይችላል።

ነገሩ ጊዜ የማይሰጥበት ምክንያትም አለ። ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሶማሌዎች ዘንድ ሒጃብና ጅልባብ እየተስፋፉ ስለ መጡ ልጃገረዶችም ራሳቸውን ይሸፍናሉ። በዚህም የተነሣ በርተንን የመሰለ መንገደኛ ዛሬ በጅጅጋ ገበያ ቢያልፍ ያገባችውን ካላገባችው በራስ ልብስ ለመለየት ይቸገራል። ዓይን ያጣውን ልዩነት የሚጠብቀው ቃሉና ሥርዓቱ ነው።

ስለዚህ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል መዝገበ ቃላት ስናዘጋጅ «ሻሽ፦ የራስ መሸፈኛ» ብለን ማለፍ አይገባንም። ማን እንደሚያስረው፥ መቼ እንደሚታሰር፥ ማንስ እንደሚያስርላት በፍቺው ውስጥ መግባት አለበት። ጨርቁን ማንም መንገደኛ ያየዋል፤ ትርጉሙን የሚነግሩን ግን ያሰሩት እናቶች ናቸውና፥ መጠየቅ ያለብንም እነርሱን ነው።