ከጋፋት እስከ ሲኤንሲ፦ ማሽኑ ሲቀር ባለሙያው ሲሄድ

አጅባር ተወልጄ ማደጌን የሰሙ የፖሊ ጓደኞቼ «የመቅደላው ልጅ» ይሉኝ ነበር። እርግጥ መቅደላ ከእኛ አገር ሩቅ አይደለም፤ ሴባስቶፖልም እስከ ዛሬ አምባው ላይ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩት ይህ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወራት ሙሉ ተጎትቶ መቅደላ የደረሰው በ1860 ዓ.ም. ነው። ስለ ጉተታው ሁሉም ሰው ያወራል። እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ንጉሡ ካረፉ በኋላ የጋፋት አውሮፓውያን ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጥተው ሄዱ። መድፉ ቀረ፤ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቁት ሄዱ።

ወደ ሙያዬ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ ኤምአይቲ በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ የሚታዘዝ ሚሊንግ ማሽን አሳየ። ጥብጣቡን በእጅ አስልቶ ማዘጋጀት እጅግ አድካሚ ስለነበር፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ዳግላስ ሮስና ባልደረቦቹ ኤፒቲ የተባለውን ቋንቋ አወጡ። ኮምፒውተሩ የመቁረጫውን መንገድ ያሰላል። ግን እያንዳንዱ ማሽን የየራሱ ጠባይ ስላለው፣ ስሌቱን ማሽኑ ወደሚገባው ትእዛዝ የሚመልስ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ፖስት ፕሮሰሰር የምንለው ይኸው ነው። ሶፍትዌር በየዓመቱ ሲታደስ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው።

ባሕር ዳር ፖሊ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ሲከፈት ተማሪው እጁን ብረት ላይ እንዲያሳርፍ ታስቦ ነበር። እኛ በ1990ዎቹ መጨረሻ ስንደርስም ቶርኖውን በእጃችን አዙረን፣ ጂ-ኮድን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ነው የተማርነው። ያኔ «ይሄ ምን ይረባናል?» ብለን አማርረናል። አይ ልጅነት!

ከምረቃ በኋላ አንድ ፋብሪካ ገባሁ። ሲኤንሲው ሲተከል የሁለት ሳምንት ሥልጠና ተሰጠን፤ ምሳው ደህና ነበር፣ ማስታወሻ ግን የያዝነው ጥቂቶች ነን። ማስተርካምን የተማርኩት ሌሊት ሌሊት እየሞከርኩ ነው። ፖስት ፕሮሰሰሩን ከፍቼ፣ መቁረጫ ከመቀየሩ በፊት ስፒንድሉ መጀመሪያ ሽቅብ ወጥቶ ከዚያ ጠረጴዛው እንዲንቀሳቀስ የምታደርግ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ የእኛ ሞርሳ ከፍ ያለ ስለነበር ያለ እሷ አያስኬድም። ለማንም አልነገርኩም። ምስጢር ለማድረግ አይደለም፤ የሚጠይቅ አልነበረም፣ እኔም ተፈላጊ መሆኔን ወድጄው ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ይበልጣል።

ወደ አዲስ አበባ ከሄድኩ በኋላ ፋብሪካው አዲስ ቨርዥን ገዛ። ሥልጠና አልተገዛም። ፖስት ፕሮሰሰሩ አብሮ በመጣው ተተካ። አንድ ማታ እኔን የተካው ልጅ ደወለ።

«ጋሼ፣ መቁረጫው ሞርሳው ውስጥ ተሰበረ። ስክሪኑ ላይ እኮ ምንም ችግር አልነበረውም!»

«የወጣውን ኮድ አንብበኸዋል?»

ዝም አለ። ኮድ ማንበብ አልተማረም፤ እሱን ያስተማሩት የት እንደሚጫን ነው። ስፒንድሉ ቢጎዳ ኖሮ ከሥራው ይባረር ነበር። ጥፋቱ ደግሞ ግማሹ የእኔ ነው።

ያን ሌሊት እስከ ሰባት ሰዓት በስልክ መስመር በመስመር አነበብን። የጎደለውን ራሱ አገኘው፤ እኔ «እስቲ ከመቀየሪያው ትእዛዝ በፊት ዜድ የት ነው?» ብቻ ነው ያልኩት።

መምህራኖቻችን ይህን ካነበባችሁ፦ የካም ትምህርት ቨርዥኑ ሲቀየር አብሮ ይታደስ፣ እሰየው ነው። ጠመኔውን ግን አትጣሉት። ተማሪው ከሶፍትዌሩ የወጣውን ኮድ አትሞ፣ በእርሳስ እያሰመረ፣ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ያንብብ።

ደብተሬ አሁን ልጁ ጋ ነው። ባለፈው ሲደውል ሁለት ገጽ እንደጨመረበት ነገረኝ፤ አንዱ የእኔን ስሕተት የሚያርም ነው።