የሲኒማ ተጫዋቿ የአና ሜይ ዎንግ ታሪክ

ሲኒማ ገና ድምፅ ሳይኖረው፣ ተጫዋቾቹ በዓይንና በእጅ ብቻ ይናገሩ በነበረበት ዘመን፣ ስማቸው በዓለም የተሰማ ሴቶች ብዙዎች ነበሩ። ከነዚህ መካከል የአንዲቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ የፈለግነው፣ ችሎታዋ ሳያንስ በዘሯ ምክንያት ዋናውን ቦታ ስለ ተነፈገች ነው።

አና ሜይ ዎንግ በ1905 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ ተወለደች። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።) ወላጆቿም እዚያው በአሜሪካ የተወለዱ የቻይና ዘሮች ሲሆኑ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነበራቸው። ቤተ ሰቧ ያወጣላት ስም ሊዩ ጾንግ ነው። ልጅቱ ከትምህርት ቤት እየቀረች ሲኒማ ቤት ትገባ፣ ፊልም ሲነሣም መንገድ ዳር ቆማ ትመለከት ነበር። (ይህን የጻፍነው ጓደኞቻችን እንዲከተሉት አይደለም፤ መምህሮቻችንም ይቅር እንዲሉን እንለምናለን።)

በ1922 ዓ.ም. ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለች፣ «ዘ ቶል ኦቭ ዘ ሲ» በተባለው ፊልም ዋናዋ ተጫዋች ሆነች። ይህ ፊልም በቀይና በአረንጓዴ ቀለም ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በታሪኩ ውስጥ አሜሪካዊው ባሏ ትቷት ይሄዳል፤ እርሷም ልጇን ለአሜሪካዊት ሚስቱ ሰጥታ ወደ ባሕር ትገባለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዳግላስ ፌርባንክስ ጋራ «የባግዳድ ሌባ» በተባለው ፊልም የገረድ ሥራ ተጫውታ ዝናዋ በየአገሩ ወጣ።

ታዲያ ከዚያ ወዲያ የሚሰጧት ወይ የገረድ፣ ወይ የተንኮለኛ፣ ወይም መጨረሻዋ ሞት የሆነ ሴት ሥራ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ነጭና ቻይናዊ መጋባት አይችሉም ነበር፤ የፊልም ባለቤቶችም በሸራ ላይ ሲሳሳሙ ማሳየትን ይፈሩ ነበር። ወንዱ ተጫዋች ነጭ ከሆነ እርሷ ወዳጁ ልትሆን አትችልም፤ በታሪኩ ውስጥ ያለችው ሴት ቻይናዊት ስትሆን ደግሞ ነጭ ሴት ፊቷን ተቀብታ ትጫወት ነበር። ከዚህም በላይ አና በአሜሪካ የተወለደች ዜጋ ሆና ሳለች፣ ቻይናውያንን በሚከለክለው ሕግ የተነሣ ከአገር ስትወጣ የመመለሻ ፈቃድ ወረቀት ማውጣት ነበረባት።

በ1928 ዓ.ም. ወደ አውሮጳ ሄደች። በጀርመን አገር ቋንቋውን ተማረች፤ በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝ አገር በተሠራው «ፒካዲሊ» የተባለ ፊልም ውስጥ ከሳህን አጣቢነት ተነሥታ ዝነኛ የሆነች ዳንሰኛ ሆና ተጫወተች። ከድምፅ አልባዎቹ ፊልሞቿ ሁሉ እኛ የምናስበልጠው ይህን ነው፤ ሆኖም እዚህም መጨረሻዋ መገደል ነው። በለንደን ቲያትር በተጫወተች ጊዜ ግን ተመልካቾች የአሜሪካ አነጋገሯን ስለ ነቀፉባት፣ መምህር ይዛ አነጋገሯን አረመች። በፊልም ቻይናዊት ብቻ መስላ የታየችው ሴት፣ አፏን ስትከፍት የሎስ አንጀለስ ልጅ ሆና ተገኘች!

ትልቁ ኀዘኗ የመጣው በኋላ ነው። የፐርል ባክ «መልካሚቱ ምድር» የተባለው የቻይና ገበሬዎች ታሪክ ፊልም እንዲሆን ሲታሰብ፣ አና የገበሬውን ሚስት ሥራ ተመኘች። የተሰጠው ግን ለነጭዋ ለልዊዝ ራይነር ነው። ለአና የቀረበላት የክፉዋ ቁባት ሥራ ቢሆን፣ አልፈልግም አለች። በ1936 ዓ.ም. ወደ ቻይና ተጕዛ የአባቶቿን መንደር አየች። ፊልሙ በ1937 ዓ.ም. ወጣ፤ ራይነርም በዚሁ ሥራ የኦስካርን ሽልማት ተቀበለች።

በ1951 ዓ.ም. አና ሊዩ ጾንግ የሚለውን የልጅነት ስሟን በያዘ የቴሌቪዥን ተከታታይ ጨዋታ ዋናዋ ተጫዋች ሆነች። በ1961 ዓ.ም. በ56 ዓመቷ ዐረፈች፤ በ2022 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት መልኳን በ25 ሳንቲም ላይ ቀረጸ።