ጄኔቫን ከስድስት ኪሎ ማንበብ

ዓለም አቀፍ ግንኙነትን በሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው፣ ለንደንም ይሁን ዋሽንግተን፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ ኢትዮጵያን ያገኛታል። የሚያገኛት ግን በምሳሌነት ነው። መምህሩ የጋራ ደኅንነት ሐሳብ ለምን እንደከሸፈ ሲያስረዳ የጃፓንን የማንቹሪያ ወረራ ያነሳል፤ ቀጥሎ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን መውረሯን ይጠቅሳል፤ ወዲያው ወደ ሙኒክ ስምምነት ይሻገራል። በሕዝብ ላይ የመርዝ ጋዝ የዘነበበት ጦርነት የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ይህን በዝምታ ለማለፍ ይከብደኛል። ዘርፉ ዛሬም የሚመካባቸው መጻሕፍት ከዚያ ጦርነት ብዙ ወስደዋል፤ የተጠቃው ወገን ምን እንዳሰበና ምን እንዳሰላ ግን እምብዛም አልጠየቁም። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ወደ ትምህርቱ አወላለድ መመለስ ያስፈልጋል።

የተለመደው ታሪክ የሚጀምረው ከዌልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ዴቪድ ዴቪስ የተባሉ የብሪታንያ የፓርላማ አባል ከእህቶቻቸው ከግዌንዶሊንና ከማርጋሬት ጋር ሆነው በአበሪስትዊዝ ለሚገኘው ኮሌጅ 20,000 ፓውንድ ሰጡ። ሀብቱን ያፈሩት አያታቸው ናቸው፤ ከድንጋይ ከሰልና ከባቡር ሐዲድ። ስጦታው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱት የኮሌጁ ተማሪዎች መታሰቢያ እንዲሆን ታስቦ፣ በዓለም የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ፖለቲካ የፕሮፌሰርነት ወንበር ተቋቋመበት። ወንበሩ በፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ስም ተጠራ፤ አልፍሬድ ዚመርንም የመጀመሪያው ባለወንበር ሆኑ። ወጣቶቻቸውን ያጡ ሰዎች ያ እልቂት እንዳይደገም ምን ማወቅ እንዳለባቸው ሲጠይቁ የተወለደ ትምህርት ነው፤ ይህን መነሻውን ከልቤ አከብራለሁ።

በድኅረ ምረቃ ደረጃ ራሱን ችሎ የቆመው ጥቂት ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ዊሊያም ራፓርና በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ የመሪዎቹ አስተርጓሚ የነበሩት ፖል ማንቱ ጄኔቫ ላይ፣ የመንግሥታት ማኅበር በነበረበት ከተማ፣ ለከፍተኛ ጥናት ብቻ የሚሆን ተቋም ከፈቱ። በዓመቱ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተከተለ፤ በ1933 ደግሞ ቦስተን አቅራቢያ ፍሌቸር ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ሕግ፣ ታሪክ ወይም ኢኮኖሚክስ ተምሮ የመጣ ሰው የያዘውን ይዞ የሚገባበት ትምህርት ሆነ።

ከዚህ ጎን ብዙም የማይነገር ሌላ ታሪክ አለ። በአሜሪካ ከዘርፉ ቀደምት መጽሔቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1910 መውጣት ሲጀምር ስሙ «የዘር ዕድገት መጽሔት» ነበር። ከዋና ጉዳዮቹ አንዱ «ኋላ ቀር» የተባሉ ሕዝቦች እንዴት ይተዳደሩ የሚል ነው። በ1919 ስሙን ወደ «የዓለም አቀፍ ግንኙነት መጽሔት» ቀየረ፤ በ1922 «ፎሪን አፌርስ» ጠቀለለው። ስለዚህ የቅኝ ግዛት ጉዳይ ለዘርፉ እንግዳ ደራሽ አይደለም፤ አብሮ አደጉ ነው።

ይህን በጊዜው አጥርተው ያዩት ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰቡ ጥቁር ምሁራን ናቸው። ራልፍ በንች እ.ኤ.አ. በ1934 ከሃርቫርድ ዶክትሬታቸውን ያገኙት ፈረንሳይ ቶጎንና ዳሆሜይን እንዴት እንዳስተዳደረች አነጻጽረው ነው። በዚያው ዓመት የሃዋርዱ የታሪክ መምህር ዊሊያም ሊዮ ሃንስቤሪ የኢትዮጵያ ምርምር ምክር ቤትን ሲመሠርቱ፣ እዚያው ሕክምና ይማሩ የነበሩት መላኩ በያን አብረዋቸው ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ሜርዝ ቴት ከኦክስፎርድ ከፍተኛ ዲግሪ በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆኑ፤ በኋላም ሃዋርድ እያስተማሩ ስለ ትጥቅ ቅነሳ ታሪክ ጻፉ። ወረራው በጀመረበት ወር ሌላው ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ በዚሁ በ«ፎሪን አፌርስ» ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ የኢትዮጵያ ጉዳይ የዘር ጉዳይ እንደሆነና ነጭ ያልሆነው ዓለም በሙሉ ትምህርት እንደሚወስድበት አስረዱ። እነዚህ ሰዎች ለብዙ ዘመን ከማስተርስ ተማሪዎች የንባብ ዝርዝር ውጭ ቀርተዋል። ሮበርት ቪታሊስ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ሃዋርድ ምሁራን መጽሐፍ ካሳተሙ ወዲህ ነው ስማቸው በዘርፉ በሰፊው መነሳት የጀመረው።

በንባብ ዝርዝሩ የገቡት ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1936፣ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ አቤት ለማለት ጄኔቫ በቆሙበት ዓመት፣ የአበሪስትዊዙን ወንበር ኢ. ኤች. ካር ያዙ። ሃያ ዓመት በብሪታንያ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያገለገሉት ካር በ1939 ባወጡት መጽሐፍ የመንግሥታት ማኅበርን ተስፋ አፈራረሱት። ማስረጃ አላጡም፤ በጣሊያን ላይ በተጣለው ማዕቀብ ነዳጅ አልተካተተም፤ የስዊዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆይቷል። እስከ 1935 ጄኔቫ ያስተማሩት ሃንስ ሞርገንታው በ1948 መጽሐፋቸው ያንኑ ማዕቀብ መረመሩ። ሪአሊዝም የሚባለው አስተሳሰብ እግር ሲተክል የኢትዮጵያ መከራ ከማገሮቹ አንዱ ነበር።

ካር ስለ ኃያላኑ የጻፉት ብዙው እውነት ነው። በዚህ ትረካ ግን ኢትዮጵያ ነገር የሚደርስባት እንጂ ነገር የምታደርግ አገር አይደለችም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ማኅበሩን የተቀላቀለችው፣ ብሪታንያ የባሪያ ንግድንና የጦር መሣሪያ ዝውውርን እያነሳች ስትከራከር፣ የፈረንሳይን ድጋፍ ይዛ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ብሪታንያና ጣሊያን በጣና ግድብና በባቡር ሐዲድ ሰበብ ጥቅማቸውን በአገራችን መሬት ላይ በደብዳቤ ተከፋፈሉ። የኋላው ንጉሠ ነገሥት ራስ ተፈሪ ጉዳዩን ወደ ጄኔቫ ወሰዱት። ሁለቱ መንግሥታት ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ እንደሌላቸው በይፋ ለመግለጽ ተገደዱ። ደካማ የተባለች አገር በማኅበሩ መድረክ ሁለት ኃያላንን ወደ ኋላ መለሰች ማለት ነው። የጋራ ደኅንነትን የሚያስተምር ሰው የ1928ቱን ውድቀት ይዞ የ1918ቱን ስኬት ቢጥል፣ ተማሪው የአዲስ አበባ ሰዎች ለምን በጄኔቫ ተስፋ እንዳደረጉ ፈጽሞ አይገባውም። የዋሆች አልነበሩም፤ ሞክረው አይተውታል።

የስድስት ኪሎው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ለማየት ከማንም ይቀርባል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለበት የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በወረራው ዘመን የጣሊያኑ እንደራሴ የግራዚያኒ መቀመጫ ነበር፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ የተወረወረበትም እዚያው ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ፋሺስቶች የሠሩት ጠመዝማዛ የድንጋይ ደረጃ ዛሬም አለ፤ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን አንድ የሥልጣን ዓመት ይቆጥራል። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ተማሪው በዚህ በኩል አልፎ ክፍል ይገባና ስለ ወረራው የሚያነበው ከለንደንና ከቺካጎ የተጻፈውን ይሆናል።

የሚነበብ ጠፍቶ አይደለም። ወረራው ሲቃረብ በጄኔቫ ኢትዮጵያን ወክለው የተከራከሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪካቸውን በአማርኛ ጽፈው ትተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩባቸው የተናገሩት በአማርኛ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎች ተማሪውን በቅድሚያ ቲዎሪ እንዲመርጥ ባያስገድዱትና ከእነዚህ ሰነዶች ቢያስጀምሩት፣ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ እንዲጠና የምመኘው ግን ከነጻነት በኋላ የሆነው ነው። በጄኔቫ የተከዳችው ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1960 ከላይቤሪያ ጋር ሆና ስለ ናሚቢያ ደቡብ አፍሪካን በሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች። በ1966 ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅም ክሱ ውድቅ ሆነ። ፍርዱ ሲሰጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ፤ በወረራው ዘመን በፓሪስ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ያገለገሉ፣ የጄኔቫን ክህደት በቅርብ ያዩ ሰው። በዓለም አቀፍ ሕግ ተስፋ ለመቁረጥ ከማንም በላይ ምክንያት የነበረው መንግሥት ለምን ተመልሶ ወደ ዓለም አቀፍ ችሎት ሄደ? ካርም ሞርገንታውም ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የላቸውም። የክርክሩ መዝገብ ታትሟል፤ አክሊሉ በእስር ሆነው የጻፉት ማስታወሻም እንዲሁ። ለአንድ የማስተርስ ተማሪ ከበቂ በላይ ነው።