ቱሶሜ

ቱሶሜ በኬንያ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል የሚማሩ ሕፃናት በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ማንበብ እንዲችሉ የተዘረጋ አገር አቀፍ የንባብ ትምህርት ፕሮግራም ነው። ስሙ በስዋሂሊ «እናንብብ» ማለት ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን የኬንያ ትምህርት ሚኒስቴር ፕሮግራም ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) የመጣ ሲሆን፣ የቴክኒክ ድጋፉን አርቲአይ ኢንተርናሽናል የተባለ ተቋም ሰጥቷል። ወደ 23,000 የሚጠጉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን አዳርሷል። በዚህም ምክንያት በአፍሪካ በትንሽ ሙከራ ተጀምረው አገር ካዳረሱ ጥቂት የንባብ ፕሮግራሞች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል።

መነሻ

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ነፃ ስታደርግ የተማሪው ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5.9 ሚሊዮን ገደማ ወደ 7.2 ሚሊዮን ገደማ አደገ። ክፍሎች ተጨናነቁ፤ አንዱን መጽሐፍ ብዙ ልጆች ይጋሩት ነበር። በብዙ ክፍሎች መምህሩ በሰሌዳ ላይ የጻፈውን ተማሪዎች በኅብረት ተቀብለው ይደግማሉ። ይህ ዘዴ ቃሉን በቃሉ የያዘውን ልጅ በእርግጥ ከሚያነበው ለመለየት አያስችልም።

ችግሩ በግልጽ የታየው ልጆችን አንድ በአንድ እያስነበቡ መመዘን ሲጀመር ነው። የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና እ.ኤ.አ. በ2007 በማሊንዲ አካባቢ ተሞከረ። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ኡዌዞ የተባለው የዜጎች እንቅስቃሴ በበጎ ፈቃደኞች አማካይነት ቤት ለቤት እየዞረ ልጆችን መዝኗል። ለዓመታት ትምህርት ቤት ተመላልሰው ለ2ኛ ክፍል የሚመጥን ቀላል ታሪክ ማንበብ የማይችሉ ልጆች ብዙ ሆነው ተገኙ።

የሙከራው ዘመን

ከቱሶሜ በፊት ፕሪመር የተባለ የንባብና የሒሳብ ሙከራ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ተካሂዷል። ሙከራው ትምህርት ቤቶችን በቡድን ከፍሎ የተለያዩ የድጋፍ ዓይነቶችን አነጻጸረ። ለመምህራን ሥልጠና ብቻ መስጠት ያስገኘው ለውጥ አነስተኛ ነበር። ለእያንዳንዱ ተማሪ መጽሐፍ ሲጨመር ውጤቱ ከፍ አለ፤ የየዕለቱን ትምህርት በዝርዝር የያዘ የመምህር መምሪያ ሲታከል ደግሞ ከወጪው አንጻር የተሻለው ውጤት ተገኘ።

በኪሱሙ ካውንቲ የተደረገው ሌላ ንጽጽር የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያን ለማን መስጠት እንደሚሻል ፈተሸ። ለተማሪዎች የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ፣ ወይም ለመምህራን ታብሌት መስጠት፣ ለሱፐርቫይዘሮች ብቻ ታብሌት ከመስጠት የጎላ ብልጫ አላሳየም። ለሱፐርቫይዘር መስጠት ግን ወጪው እጅግ ያነሰ ነው።

አሠራር

ቱሶሜ በእነዚህ ግኝቶች ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዋና ዋና ክፍሎቹም የሚከተሉት ናቸው።

• ለእያንዳንዱ ተማሪ ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ መጽሐፍ።
• ለመምህሩ ከተማሪው መጽሐፍ ጋር የተቀናጀ የዕለት ተዕለት መምሪያ።
• አጫጭር ተደጋጋሚ ሥልጠናዎች።
• የሥርዓተ ትምህርት ድጋፍ ሰጪዎች ጉብኝት።

ትምህርቱ ከፊደላት ድምፅ ይነሣል። ልጁ ድምፆችን አጋጥሞ ቃል ይመሠርታል፤ ከዚያ ወደ አጫጭር ታሪኮችና የመረዳት ጥያቄዎች ይሻገራል። መምህሩ መጀመሪያ ራሱ ያሳያል፣ ቀጥሎ ከተማሪዎቹ ጋር ይሠራል፣ በመጨረሻ ተማሪዎቹ ብቻቸውን ይሞክራሉ።

ድጋፍ ሰጪው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ትምህርቱን ይከታተላል፤ ጥቂት ልጆችን ያስነብባል፤ ያየውንም በታብሌት ይመዘግባል። መሣሪያው የተጎበኘውን ቦታ ስለሚያሳይ የመጓጓዣ አበል የሚከፈለው በእርግጥ ለተደረገ ጉብኝት ነው።

የንባብ መለኪያውን የኬንያ ብሔራዊ ፈተናዎች ምክር ቤት አስቀድሞ ወስኗል። አቀላጥፎ ያነባል የሚባለው ልጅ በደቂቃ በእንግሊዝኛ 65፣ በስዋሂሊ 45 ቃላት በትክክል ማንበብ አለበት። የስዋሂሊው ቁጥር ያነሰው ቃላቱ በቅጥያ ስለሚረዝሙ ነው።

ውጤትና ትችት

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተደረገ የውጭ ግምገማ በሁለቱም ቋንቋዎች መሻሻል መኖሩንና ምንም የማያነቡ ልጆች መቀነሳቸውን አሳይቷል። ያም ሆኖ ከመለኪያው በታች የቀሩት ቀላል ቁጥር አልነበራቸውም።

ከትችቶቹ አንዱ ዝርዝር መምሪያ የመምህሩን ነፃነት ያጠባል የሚል ነው። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ማንበብ እንዴት እንደሚያስተምር ላልሠለጠነ መምህር መምሪያው መነሻ ይሆነዋል ይላሉ። ሁለተኛው ትችት ቋንቋን ይመለከታል። የኬንያ ፖሊሲ እስከ 3ኛ ክፍል በአካባቢው ቋንቋ ማስተማርን ሲደግፍ፣ ቱሶሜ ለብዙ ልጆች የቤት ቋንቋቸው ባልሆኑት በሁለቱ ብቻ ተወስኗል። በፕሪመር ጊዜ በኪካምባና በሉቡኩሱ የተማሩ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተሻለ አንብበዋል። ሦስተኛው ጥያቄ መጽሐፍ ሲያልቅና የጉብኝት አበል ሲቋረጥ ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለው ነው።

ከኢትዮጵያ ጋር ሲነጻጸር

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማርን መርጣለች። ሆኖም በ2010 በተደረገው ተመሳሳይ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚህ በኋላ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ አዳዲስ የንባብ መጻሕፍትና የመምህር መምሪያዎች ተዘጋጅተዋል። የአማርኛ ተማሪ ከ230 በላይ ፊደላት መለየት አለበት፤ የኬንያ ልጅ ፊደላቱ ጥቂት ቢሆኑም የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከድምፁ ጋር አለመጣጣሙ ይፈትነዋል። የሁለቱ አገሮች ልምድ የሚጋራው ነጥብ፣ የማስተማሪያ ቋንቋን መምረጥ ብቻውን ንባብን እንደማያረጋግጥ ነው።