ሞያሌን ለሚሻገሩ፦ የሚያውቋቸው የሚመስሉ፣ ግን የሚያሳስቱ የኬንያ ቃላት

ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወደ ኬንያዋ ሞያሌ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ኦሮምኛና ሶማልኛ በወዲህም በወዲያም ይነገራሉ፤ አማርኛም ከድንበሩ ማዶ ሰሚ አያጣም።

ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ናይሮቢ የሚጓዝ ሰው ግን ሌላ ቋንቋ ይጠብቀዋል። እ.አ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ስዋሂሊን ብሔራዊ ቋንቋ፣ ስዋሂሊንና እንግሊዝኛን ደግሞ የመንግሥት የሥራ ቋንቋዎች አድርጓል። በከተሞች ወጣቶች እነዚህን ከአገሬው ቋንቋዎች ጋር አዳቅለው የሚናገሩት ‘ሸንግ’ የተባለ የአራዳ ቋንቋም አለ።

ሰው የማያውቀውን ቃል ይጠይቃል። የሚያውቀው የመሰለውን ቃል ግን ሳይጠይቅ ያልፈዋል፤ ስሕተቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

አማርኛ የሚመስሉ ቃላት

ባዶ፦ በስዋሂሊ ‘ገና ነው’ ማለት ነው። ሾፌሩ “ባዶ” ካለ መነሻው አልደረሰም እንጂ መኪናው ሰው የለበትም ማለቱ አይደለም። በሕክምና ተቋም የምርመራ ውጤት ጠይቀው “ባዶ” ከተባሉም ውጤቱ አልደረሰም ማለት ነው፤ በሽታ አልተገኘም ብለው እንዳይሄዱ።

ጋሪ፦ ፈረስ ወይም አህያ የሚስበው ሳይሆን መኪና ነው።

ዱካ፦ የእግር ኮቴ ሳይሆን ሱቅ ነው።

ኤልፉ፦ አንድ ሺህ ነው። ከግዕዙ ‘እልፍ’ ጋር ዝምድና ቢኖረውም እልፍ አሥር ሺህ ነው። በዋጋ ድርድር ላይ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው።

ሰዓት

በዚህ ረገድ ስዋሂሊ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ‘ሳ ሞጃ’ የጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ‘ሳ ሳባ’ ደግሞ የቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ሆኖም ያው ኬንያዊ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር አቆጣጠሩንም ይቀይራል። በእንግሊዝኛ ‘ጠዋት ሰባት’ ያለው በእኛ አንድ ሰዓት ነው። በቲኬት ላይ የተጻፈውም ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር በመሆኑ፣ ሰዓቱን በየትኛው ቋንቋ እንደነገሩዎት ልብ ይበሉ፤ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መድረስ ይመጣልና።

ገንዘብና መጓጓዣ

ፔሳ ገንዘብ ነው። እ.አ.አ. በ2007 በኬንያ፣ በ2023 ደግሞ በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው ኤም-ፔሳ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ሽልንግ በተለምዶ ‘ቦብ’ ይባላል። በሸንግ ‘ምባኦ’ 20፣ ‘ሶ’ 100፣ ‘ታኦ’ 1000 ሽልንግ ነው።

ማታቱ ሚኒባስ ታክሲ ነው። ‘ታቱ’ በስዋሂሊ ሦስት ሲሆን፣ ስያሜው በቀድሞ ጊዜ ይከፈል ከነበረው ሦስት የአሥር ሳንቲም ዋጋ እንደመጣ ይነገራል። ቦዳ ቦዳ የሞተር ሳይክል ታክሲ ነው። ቃሉ ድንበር ወለድ ነው፦ በኬንያና በዩጋንዳ ወሰን መንገደኛ በብስክሌት የሚያመላልሱ ሰዎች ‘ከድንበር ድንበር’ እያሉ በእንግሊዝኛ ከሚጣሩት የተገኘ ነው።

ሰላምታና አክብሮት

ወጣቶች “ሳሳ?” ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ቃል በቃል ‘አሁን’ ማለት ነው። መልሱ “ፖአ” ነው። ለታላቅ ሰው ግን “ሀባሪ” ማለት ይሻላል።

ስዋሂሊ እንደ አማርኛ ‘አንተ’ንና ‘እርስዎ’ን አይለይም። አክብሮት የሚገለጸው በመጠሪያ ነው፦ ለአዛውንት ‘ምዜ’፣ ለእናቶች ‘ማማ’። የኬንያ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ጆሞ ኬንያታም ‘ምዜ’ እየተባሉ ይጠሩ ነበር።

ፖሌ ‘አይዞህ’፣ ‘አይዞሽ’ እንደምንለው ነው። ሰው ሲደናቀፍ፣ ሲታመም ወይም ሐዘን ሲደርስበት ይባላል፤ ተናጋሪው ጥፋተኛ ነኝ ማለቱ አይደለም። ሁለት ጊዜ ሲደገም፣ ‘ፖሌ ፖሌ’፣ ‘ቀስ በቀስ’ ይሆናል።

ወረቀትና ‘ሻይ’

ኪፓንዴ ቃሉ ‘ቁራጭ’ ማለት ሲሆን መታወቂያን ያመለክታል። ታሪኩ መራራ ነው። በብሪታንያ ቅኝ አገዛዝ ዘመን አፍሪካውያን ወንዶች የሥራና የጣት አሻራ መዝገባቸውን በብረት መያዣ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው እንዲዞሩ ይገደዱ ነበር። የዛሬው መታወቂያ መደበኛ ስሙ ‘ኪታምቡሊሾ’ ቢሆንም አሮጌው ቃል ከሰው አፍ አልጠፋም።

ቻይ ሻይ ነው፤ ‘ኪቱ ኪዶጎ’ም ‘ትንሽ ነገር’ ማለት ነው። ይሁንና በፍተሻ ኬላ ወይም በቢሮ ደጃፍ ሲጠየቁ ሁለቱም ጉቦ ናቸው። ለአማርኛ ተናጋሪ ‘የሻይ’ የሚለው አነጋገር አዲስ አይደለም። እ.አ.አ. በ2016 የወጣው የኬንያ የጉቦ ሕግ ግን ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ያስጠይቃል፤ ‘ትንሽ’ መሆኑም ከወንጀልነት አያድነውም።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ቢያጠኑት የሚጠቅመው አንድ ጥያቄ ነው፦ “ማና ያኬ ኒኒ?”፤ ‘ትርጉሙ ምንድን ነው?’ ማለት ነው። ቃሉ አማርኛ በመሰለ ቁጥር መጠየቅ ይበጃል።